ስለ መተማ የተጻፈውን በዳታቤዝ ስለ መፈለግ

«ስለ መተማ ቆላ የተጻፈ ነገር የለም» ሲባል ከተማሪዎች አፍ ብዙ ጊዜ እንሰማለን። በእኛ አስተያየት ግን የጎደለው ጽሑፉ ሳይሆን የመፈለጊያው ቃል ነው። ዳታቤዝ ማለት የመጽሔት ጽሑፎች በርእስ፥ በደራሲና በቁልፍ ቃል ተመዝግበው የተከማቹበት መዝገብ ነውና፥ የሚመልሰው ለተጻፈለት ፊደል እንጂ ለጠያቂው አሳብ አይደለም።

መተማን በላቲን ፊደል ሲጽፉ አንዱ ደራሲ የ«ተ»ንና የ«መ»ን ድምፅ በነጠላ፥ ሌላው በድርብ ፊደል ያደርጋቸዋል። ስለዚህ የተለያዩትን አጻጻፎች «ወይም» በሚለው የእንግሊዝኛ ቃል፥ ማለት በ«ኦር»፥ እያያያዙ ባንድ ጊዜ መጠየቅ ይበጃል። ገንዳ ውሃም ሸህዲ በተባለው ስሟ ልትገኝ ትችላለች። ምዕራብ ጎንደር ራሱን የቻለ ዞን ከመሆኑ በፊት የተጻፉት ደግሞ አገሩን በሰሜን ጎንደር ሥር ያስገቡታል።

ታሪክ የሚያጠና ሰው ይልቁን መጠንቀቅ አለበት። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. የወደቁበትን ጦርነት የእንግሊዝ ጸሐፊዎች ብዙውን ጊዜ ከድንበሩ ማዶ ባለችው በገላባት ስም ይጠሩታል። በዚህም ላይ በሱዳን፥ በዓባይ ዳር ከሸንዲ ማዶ፥ ሌላ መተማ አለች፤ ጄኔራል ጎርዶንን ለማዳን የዘመተው የእንግሊዝ ጦር በጥር 1885 እ.ኤ.አ. የደረሰው ወደዚያች ነው። ሁለቱን ያልለየ ተማሪ የጎርዶንን ዘመቻ ጎትቶ ከኛ ድንበር ያደርሰዋል!

በሰሊጥ አጨዳ ወራት ከደጋ የሚወርደውን የቀን ሠራተኛ ስለሚይዘው ስለ ካላዛር የሚፈልግም «ቪሰራል ሊሽማንያሲስ» ብሎ ይጠይቅ፤ ሐኪሞቹ በርእሳቸው የሚጽፉት ብዙውን ጊዜ ይህንኑ ነው። መተማንም ከሑመራ ጋር አጣምረው ስለሚያነሡ የሑመራን ስም መጨመር ይጠቅማል። ለዕጣኑ ዛፍም እንዲሁ «ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ» የተባለው የሳይንስ ስሙ ያስፈልጋል።

ፐብሜድ የተባለው የሕክምና ዳታቤዝ የጽሑፎቹን አሕጽሮት ለማንም በነጻ ያሳያል፤ ሙሉው ጽሑፍ ግን ሁልጊዜ አይከፈትም። ለዚህ የዓለም የጤና ድርጅት በ2002 እ.ኤ.አ. የጀመረው፥ ዛሬ የሪሰርች ፎር ላይፍ ክፍል የሆነው ሂናሪ አለ። የሚከፍተው ግን ለተመዘገበ ተቋም ነውና ተማሪው ከመክፈሉ አስቀድሞ የቤተ መጻሕፍቱን ሠራተኛ ይጠይቅ።

በአማርኛ የታተሙትን እነዚህ የውጭ አገር ዳታቤዞች እምብዛም አይመዘግቧቸውም። ለእነርሱ መደርደሪያው ዘንድ ቆሞ ቅጽ በቅጽ ማገላበጥ ነው።