ለኩላሊት ታማሚ የትኛው ፍራፍሬ ይሻላል?

ታማሚ ልንጠይቅ ስንሄድ ባዶ እጃችንን አንሄድም። ሙዝ፣ ብርቱካን ወይም የአቮካዶ ጁስ እንይዛለን። አክስቴ ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም እንዳለባት ከታወቀ በኋላ እኔም ሙዝ በፌስታል ይዤ ሄድኩ። እሷ ግን ፌስታሉን አይታ «ልጄ፣ እሱን እኮ ከልክለውኛል» አለችኝ። ሙዝ ደግሞ ምን አጠፋ?

ነገሩ ያለው ፖታሲየም ላይ ነው። ጡንቻና ነርቭ እንዲሠሩ፣ ልብም በትክክል እንድትመታ ይህ ማዕድን ያስፈልጋል። ምህንድስና ስለተማርኩ ነገሩን በሮቶ ላስረዳችሁ። ከላይ የሚሞላው ምግብ ነው፤ ከታች የሚያስወጣው ደግሞ በዋናነት ኩላሊት ነው። ከምንበላው ፖታሲየም 90 በመቶ ገደማ የሚወጣው በኩላሊት በኩል ነው። ጤናማ ኩላሊት ቧንቧውን እንደ አስፈላጊነቱ ከፈት ዘጋ ያደርጋል። ኩላሊት ሲደክም ግን መውጫው ይጠባል። መግቢያው እንደ ድሮው ከቀጠለ ሮቶው መሙላቱ አይቀርም።

በአንድ ሊትር ደም ውስጥ ሊኖር የሚገባው ፖታሲየም ብዙውን ጊዜ ከ3.5 እስከ 5.0 ሚሊሞል ነው። ከዚህ በጣም ካለፈ የልብ ምት ይዛባል፤ ልብ እስከ መቆምም ሊደርስ ይችላል። የሚያስፈራው ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ምልክት አለማሳየቱ ነው።

ታዲያ ፍራፍሬ ጭራሽ ይቅር? አይደለም። እስቲ እናወዳድር። 100 ግራም አቮካዶ 485 ሚሊግራም ገደማ ፖታሲየም አለው። ያው 100 ግራም ሙዝ ከሆነ 360፣ ብርቱካን ወይም ፓፓያ 180፣ ማንጎ 170፣ አናናስ ወይም አፕል ደግሞ 110 ገደማ ነው።

ዓይነቱን መምረጥ ብቻውን ግን አይበቃም፤ መጠኑም ወሳኝ ነው። 300 ግራም አናናስ የበላ ሰው 100 ግራም ሙዝ ከበላው ጋር ተቀራራቢ ፖታሲየም ወስዷል። ጁስ ላይ ነገሩ ይብሳል። አንድ ብርጭቆ ውስጥ 200 ግራም አቮካዶ ከገባ 970 ሚሊግራም ፖታሲየም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ተጠጣ ማለት ነው። ይህን ያህል ፖታሲየም ከአፕል ለማግኘት 900 ግራም ገደማ መብላት ይጠይቃል። ያን ያህል አፕል በአንዴ ማን ይጨርሳል?

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ኩላሊቱን የታመመ ሁሉ ሙዝ አይከለከልም። ሕመሙ ገና ጀማሪ ከሆነና የደም ምርመራው ደህና ከሆነ፣ ብዙዎች ፍራፍሬ መቀነስ አያስፈልጋቸውም። እንዲያውም ሽንት የሚያበዙ አንዳንድ መድኃኒቶች ፖታሲየምን ከልክ በታች ሊያወርዱት ይችላሉ። ስለዚህ የሚወስነው የጎረቤት ምክር ሳይሆን የታማሚው የደም ውጤትና የሐኪሙ ትእዛዝ ነው።

አሁን አክስቴ ጋ ስሄድ ሁለት አፕል እይዛለሁ። አንዱን ለእሷ ቆርጬ እሰጣታለሁ፤ ሌላውን እኔ እበላለሁ። እናንተም የኩላሊት ታማሚ ልትጠይቁ ስትሄዱ፣ ፍራፍሬ ቤት ከመግባታችሁ በፊት ስልክ ደውሉና «ምን ተፈቅዷል?» ብላችሁ ጠይቁ።