ተደጋጋሚ ምት በመረብ ኳስ ተጫዋቾች ትከሻ ላይ የሚያስከትለው ጉዳት

የመረብ ኳስ ተጫዋቾች ክንዳቸውን ከራሳቸው በላይ አንስተው በተደጋጋሚ ኳስ መምታታቸው የትከሻ መገጣጠሚያቸውን ቀስ በቀስ ለጉዳት እንደሚዳርግ የስፖርት ሕክምና ጥናቶች ያመለክታሉ።

እ.ኤ.አ. በ1895 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት በዊልያም ሞርጋን የተጀመረውና እ.ኤ.አ. በ1964 የቶኪዮ ኦሊምፒክ ላይ የውድድሩ አካል የሆነው ይህ ስፖርት፣ ለወንዶች 2 ሜትር ከ43፣ ለሴቶች 2 ሜትር ከ24 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ባለው መረብ ላይ የሚካሄድ ነው። በመሆኑም ማጥቃትም ሆነ መከላከል ክንድን ወደ ላይ መዘርጋትን ይጠይቃል። በሳምንት ከ16 እስከ 20 ሰዓት የሚለማመድና የሚወዳደር ከፍተኛ ደረጃ ያለው አጥቂ በዓመት እስከ 40 ሺህ ጊዜ ኳስ ሊመታ እንደሚችል ይገመታል።

በስፖርቱ ተዘውትሮ የሚታየው የቁርጭምጭሚት ወለምታ በቅጽበት የሚደርስ ሲሆን፣ የትከሻ ጉዳት ግን በአብዛኛው በወራትና በዓመታት የሚጠራቀም ነው።

የትከሻ መገጣጠሚያ በሰውነት ውስጥ ሰፊውን እንቅስቃሴ የሚያደርግ ነው። ይሁን እንጂ የክንድ አጥንት ራስ የሚያርፍበት ስፍራ ጥልቀት ስለሌለው፣ ጸንቶ እንዲቆይ የሚያደርጉት በዋናነት አራት ትናንሽ ጡንቻዎችና ጅማቶቻቸው ናቸው። ኳስ በሚመታበት ጊዜ ክንዱን በኃይል የሚወረውሩት የደረትና የጀርባ ትላልቅ ጡንቻዎች ሲሆኑ፣ ከምቱ በኋላ ፍጥነቱን የመግታት ሥራ የሚወድቀው በትከሻው የኋላ ክፍል ባሉት ትናንሽ ጡንቻዎች ላይ ነው። በቂ እረፍት ካልተገኘ ጅማቶቹ ይጎዳሉ፤ ሲብስም ሊቀደዱ ይችላሉ። የትከሻው የኋላ ክፍል እየጠነከረ ሲሄድም ክንዱ ወደ ውስጥ የመዞር አቅሙ ይቀንሳል።

ሳይታወቅ የሚያልፈው ጉዳት ደግሞ የነርቭ ነው። በትከሻው ጠፍጣፋ አጥንት በኩል የሚያልፈው ነርቭ በተደጋጋሚ ሲወጠር ወይም ሲጫን፣ የሚያዘው የኋላ ጡንቻ ይመነምናል። ችግሩ ብዙ ጊዜ ሕመም ስለሌለው ተጫዋቹ ሳያስተውል መጫወቱን ሊቀጥል ይችላል። ከበስተኋላ ሲታይ የሚመታበት ትከሻ ከሌላኛው ይልቅ ጎድጎድ ብሎ መታየቱ ዋነኛ ምልክቱ ነው።

ጉዳቱን ለመቀነስ አሠልጣኞች በአንድ ልምምድ የሚመታውን የኳስ ብዛት መመጠን፣ በቂ ማሟሟቂያ ማሠራትና የትከሻን የኋላ ጡንቻዎች በላስቲክ ገመድ ማጠናከር ይገባቸዋል። የምቱ ኃይል ከእግርና ከወገብ እንዲመነጭ ማስተማርም በትከሻው ላይ የሚያርፈውን ጫና ያቃልላል።

ሕመም የሚሰማው ወይም የክንዱ ጉልበት የቀነሰበት ተጫዋች ሕመሙን በማስታገሻ ሸፍኖ ከመጫወት ይልቅ ፈጥኖ ሐኪም ዘንድ መቅረብ ይኖርበታል። በወቅቱ የተደረሰበት ጉዳት በአብዛኛው ያለ ቀዶ ሕክምና፣ በእረፍትና በአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ሊሻሻል ይችላል።