ጋደም ሲሉ የሚብስ የደረት ውጋት

ደረታችንን ሲወጋን ብዙዎቻችን «ጨጓራዬ ነው» ወይም «ብርድ መትቶኝ ነው» ብለን ማስታገሻ ገዝተን እንውጣለን። ውጋቱ በጀርባ ስትተኙና በረጅሙ ስትተነፍሱ የሚብስ፣ ተቀምጣችሁ ወደ ፊት ጎንበስ ስትሉ ግን ቀለል የሚል ከሆነ የልብ ሽፋን ተቆጥቶ ሊሆን ይችላል። ሕመሙ ፔሪካርዳይቲስ ይባላል።

ልብ በሁለት ስስ ንጣፎች ተሸፍኗል። በመካከላቸው ያለው ጥቂት ፈሳሽ እንዳይፋተጉ ያለሰልሳቸዋል። ሽፋኑ ሲቆጣ ንጣፎቹ ይፋተጋሉ፤ ሕመሙም ወደ አንገትና ትከሻ ሊሰማ ይችላል።

መንስኤው ምንድን ነው?

በበለጸጉት አገሮች በአብዛኛው ቫይረስ ሲሆን ብዙ ጊዜ ጉንፋን መሰል ሕመምን ተከትሎ ይመጣል። ቲቢ በተስፋፋባቸው እንደ ኢትዮጵያ ባሉ አገሮች ደግሞ ቲቢ ዋነኛ መንስኤ ነው። የኩላሊት ሥራ ማቆም፣ ካንሰር እና እንደ ሉፐስ ያሉ ሕመሞችም ያስከትሉታል።

እንዴት ይታወቃል?

ሐኪሙ አራት ነገሮችን ይመለከታል፦ የውጋቱን ዓይነት፣ በማዳመጫ የሚሰማ የመፋተግ ድምፅ፣ በኢሲጂ የሚታይ ለውጥ እና በልብ አልትራሳውንድ የሚታይ ፈሳሽ። ከአራቱ ሁለቱ ከተገኙ በሽታው እንዳለ ይወሰዳል። የደም ምርመራና የደረት ራጅም ሊታዘዙ ይችላሉ።

ሕክምናውስ?

በቫይረስ ለመጣው ወይም መንስኤው ላልታወቀው እንደ አይቡፕሮፌን ወይም አስፕሪን ያለ መድኃኒት ከጨጓራ መከላከያ ጋር ለ1 ወይም 2 ሳምንት በሙሉ መጠን ይሰጣል፤ ከዚያም ቀስ በቀስ ይቀነሳል። ኮልቺሲን የተባለው መድኃኒት ደግሞ ለ3 ወር ይታዘዛል፤ በሽታው የማገርሸት ዕድሉን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ «ውጋቱ ተወኝ» ብላችሁ አታቋርጡት። ቲቢ ከሆነ ግን ማስታገሻ አያድነውም፤ የቲቢ መድኃኒት ለ6 ወር ያህል ይወሰዳል። የኩላሊት ወይም የጨጓራ ቁስለት ሕመምተኞችና ነፍሰ ጡሮች እነዚህን ማስታገሻዎች ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይውሰዱ። እስኪሻላችሁ ድረስም ከከባድ ሥራና ከስፖርት ታቀቡ።

ረመዷን ከሆነ የመድኃኒቱን ሰዓት በራሳችሁ አትቀይሩ፤ ሐኪማችሁን አማክሩ። ሕመምተኛ አፍጥሮ በሌላ ቀን ቀዷ እንዲያወጣ ተፈቅዶለታል።

ትንፋሽ ካጠራችሁ፣ ራሳችሁን ካሳታችሁ ወይም የአንገት ደም ሥር ካበጠ ፈሳሹ ልብን እየተጫነው ሊሆን ይችላል። ድንገተኛ የደረት ውጋትም የልብ ደም ሥር መዘጋት ሊሆን ስለሚችል በቤት ውስጥ ለመለየት አትሞክሩ። ሳትዘገዩ ሆስፒታል ሂዱ።