ቦራ ግንባር፣ ዝም ያለ ጆሮ

ፌሬት ተኝቶ ሲያዩት የሞተ ይመስላል። ከ24ቱ ሰዓት 14ቱን፣ አንዳንዴም 18ቱን በእንቅልፍ ያሳልፋል። እንቅልፉ ሲጸናበት ብድግ ቢያደርጉት እንኳ አይነቃም፤ እንደ እርጥብ ጨርቅ እጅ ላይ ተዝለፍልፎ ይንጠለጠላል። አዲስ ባለቤት ስሙን ጠርቶ፣ የምግብ ሳህኑን አንኳኩቶ መልስ ሲያጣ «እንቅልፋም ነው» ብሎ ቢያልፈው አይፈረድበትም፤ ብዙውን ጊዜም ልክ ነው። ነገር ግን የእንስሳው ግንባር ላይ ነጭ መስመር ካለ፣ ወይም ራሱና አንገቱ ነጭ ከሆነ፣ ያ ዝምታ ከእንቅልፍ ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ባለቤቱ ስለ ውበቱ የመረጠው ያ ነጭ መስመርና የእንስሳው ጆሮ የሚገናኙበት መንገድ አለ።

ፌሬት ረጅም ወገብና አጫጭር እግሮች ያሉት ትንሽ ሥጋ በል እንስሳ ነው። በቅርጹ ሸለምጥማጥን ያስታውሳል፤ በዘር ግን በቅርብ አይዛመዱም። ወንዱ ከ1 እስከ 2 ኪሎ ይመዝናል፤ እንስቷ የእሱን ግማሽ ያህል ናት። የዱር አባቱ የአውሮፓ ፖልካት የሚባለው እንስሳ ሲሆን፣ ሰው ካለመደው ከ2,000 ዓመት በላይ ሆኖታል። ግሪካዊው የመልክዓ ምድር ጸሐፊ ስትራቦን የዛሬዋ ስፔን በጥንቸል ስትወረር ሰዎች ከጉድጓድ ጥንቸል የሚያስወጣ እንዲህ ያለ እንስሳ ይጠቀሙ እንደነበር ጽፏል። ስሙ የመጣው በላቲን «ትንሽ ሌባ» ከሚል ቃል ነው፤ ያገኘውን ሁሉ እየጎተተ የመደበቅ ልማዱን ላየ ሰው ስሙ ይገባዋል። ለሳይንስም ባለውለታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች የሰውን ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ መጀመሪያ ለይተው ያወቁት በፌሬቶች አማካይነት ነበር፤ ጉንፋናችን ስለሚይዘው እስከ ዛሬም የኢንፍሉዌንዛ ጥናት ያለ እሱ አይታሰብም።

ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ ፌሬት በብዛት የሚታወቀው በቤት እንስሳነቱ ነው። የጥንቱ መልኩ የአባቱ መልክ ነው፦ ጥቁር ቡናማ ፀጉር፣ ከሥሩ ፈዘዝ ያለ ገለባ፣ ዓይኑ ዙሪያ እንደ ጭምብል የጠቆረ። ሌላው የቆየ መልክ ቀይ ዓይን ያለው ነጭ፣ ማለትም አልቢኖው ነው። ገበያው ሲሰፋ ግን እነዚህ ሁለቱ አልበቁም። የቸኮሌት፣ የቀረፋ፣ የሻምፓኝና የብር መልክ ያላቸው መጡ። እግራቸው ጓንት ያጠለቀ የሚመስል፣ ራሳቸውና አንገታቸው ነጭ የሆኑ «ፓንዳ» የተባሉ፣ ከግንባራቸው እስከ ማጅራታቸው ነጭ መስመር የወረደባቸው «ብሌዝ» የተባሉም ተራቡ። ይህን የመጨረሻውን መልክ የእኛ ገበሬ በበሬና በፈረስ ላይ አሳምሮ ያውቀዋል፤ ቦራ ይለዋል።

ከእነዚህ ቀለሞች አብዛኞቹ በራሳቸው ጉዳት አያስከትሉም። ቸኮሌት መልክ ያለው ፌሬት ከጥቁር ቡናማው ያነሰ ጤና የለውም። አደጋው ያለው ነጩ ላይ ነው፤ ነጭ ሁሉ ደግሞ አንድ አይደለም። ልዩነቱን ለማየት ቀለሙ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ያስፈልጋል።

ፀጉርን ቀለም የሚቀቡት ሕዋሳት ሜላኖሳይት ይባላሉ። እነዚህ ሕዋሳት ቆዳ ላይ ተወልደው ቆዳ ላይ አያድጉም። ጽንሱ ገና በማህፀን ሳለ፣ ኋላ አከርካሪ በሚሆነው መስመር አጠገብ ይፈጠሩና እየተባዙ በጎንና በጎን ቁልቁል ይጓዛሉ። ጀርባ ለመነሻቸው ቅርብ ነው። ግንባር፣ ደረት፣ ሆድና የእግር ጫፍ ሩቅ ናቸው። በዘረ መል ጉድለት የተነሳ ተጓዦቹ ካነሱ፣ ከዘገዩ ወይም መንገድ ላይ ከሞቱ ሩቆቹ ቦታዎች ሳይደረስባቸው ይቀራሉ። ያልተደረሰበት ቦታ ፀጉሩ ነጭ ሆኖ ይበቅላል። ውሻም ሆነ ላም፣ ፈረስም ሆነ ድመት ነጭ ምልክታቸው ግንባር፣ ደረትና እግር ላይ የሚበዛው በዚህ ምክንያት ነው።

ከተጓዦቹ ጥቂቶቹ ግን ወደ ቆዳ አይሄዱም፤ መድረሻቸው የውስጥ ጆሮ ነው። እዚያ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለ፣ በፈሳሽ የተሞላ ክፍል አለ። ድምፅ ፈሳሹን ሲያናውጥ ፀጉር መሰል ሕዋሳት ንዝረቱን ወደ ነርቭ መልእክት ይለውጡታል። ይህን ለመሥራት የኤሌክትሪክ ኃይል ይፈልጋሉ፤ ኃይሉን ለፈሳሹ ከሚሰጡት መካከል እነዚያው ከጀርባ ተነስተው የመጡ ቀለም ሠሪ ሕዋሳት አሉበት። እነሱ ካልደረሱ ጆሮው ድንጋዩ እንዳለቀ ራዲዮ ይሆናል፤ ዕቃው ሁሉ በቦታው አለ፣ ድምፅ ግን የለም። ውሎ ሲያድር ፀጉር መሰሎቹ ሕዋሳትም ይሞታሉ። በአጥቢ እንስሳት ጆሮ ውስጥ የሞተ እንዲህ ያለ ሕዋስ አይተካም፤ ስለዚህ መስማት መሳኑ ዘላቂ ነው፤ መድኃኒትም የለውም።

እዚህ ላይ አልቢኖውን መለየት ይገባል። አልቢኖ ፌሬት ሙሉ በሙሉ ነጭ ቢሆንም ቀለም ሠሪ ሕዋሳቱ መንገዳቸውን ጨርሰው በየቦታቸው ደርሰዋል። የጎደላቸው ቀለሙን የሚሠሩበት ኢንዛይም ብቻ ነው። ቀለም ቀቢው ሥራ ቦታው ላይ ተገኝቷል፣ ቆርቆሮው ግን ባዶ ነው እንደማለት ነው። በፓንዳውና በብሌዙ ላይ ግን ቀለም ቀቢው ራሱ አልመጣም። ስለዚህ አልቢኖው እንደ እነሱ ጆሮው አይዘጋም። የእሱ ችግር ዓይኑ ላይ ነው፦ ብርሃን ያስቸግረዋል፣ ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄዱት ነርቮች አመራራቸው የተዛባ ነው፣ የሚንቀሳቀስ ነገርን በዓይን መከተልም ይከብደዋል። ዓይኑ ቀይ የሆነ ነጭና ዓይኑ ጥቁር የሆነ ነጭ ለገዢ አንድ ሊመስሉት ይችላሉ፤ በውስጣቸው ያለው ታሪክ ግን የተለያየ ነው።

የነጭ ምልክትና የጆሮ ግንኙነት በሌሎች ፍጥረታት ላይ ቀድሞ ታውቋል። ዳርዊን በ1859 ባሳተመው መጽሐፉ ሰማያዊ ዓይን ያላቸው ድመቶች እንደማይሰሙ ጠቅሷል። ነጭ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያለባቸው የዳልሜሽን ውሾችም ቢያንስ በአንድ ጆሯቸው መስማት የተሳናቸው ብዙ ናቸው። በሰው ላይ ሆላንዳዊው የዓይን ሐኪም ዋርደንበርግ በ1951 ተመሳሳይ ነገር ገልጿል፦ ከግንባር በላይ ነጭ የፀጉር ዘለላ፣ እጅግ የደመቀ ሰማያዊ ዓይን፣ ሰፋ ብለው የተራራቁ የዓይን ጥጎች፣ መስማት መሳን። ሕመሙ በስሙ ይጠራል፤ በየትኛውም ሕዝብ ውስጥ ይገኛል። ጥቁር ቆዳ ያለው ሕፃን ሰማያዊ ዓይን ይዞ ሲወለድ ከሚታሰቡት ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። የፓንዳና የብሌዝ ፌሬቶች ነጭ ምልክት፣ ሰፋ ያለ ራስና የማይሰማ ጆሮ ይህንኑ ስለሚመስል የእንስሳት ሐኪሞች በዚያው በዋርደንበርግ ስም ይጠሩታል።

ጉዳዩ በግምት አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2014 በፈረንሳይ ያሉ የእንስሳት ሐኪሞች ባሳተሙት ጥናት 152 የቤት ፌሬቶች ተመርምረው ነበር። መስማት የተሳናቸው 44 ሆነው ተገኙ፤ 34ቱ በሁለቱም ጆሮ፣ 10ሩ በአንዱ። ጾታ ለውጥ አላመጣም። ነጭ ምልክት ያላቸውና ያለ ዕድሜያቸው የሚሸብቱት ግን ከችግሩ ጋር በጠንካራ ሁኔታ ተያይዘው ታዩ። ከተመረመሩት ፓንዳዎችና ብሌዞች መካከል ደግሞ ጤነኛ ጆሮ ይዞ የተገኘ አንድም አልነበረም።

ከእነዚህ ቁጥሮች ውስጥ ልብ ልንለው የሚገባን ትንሹን ነው፤ በአንድ ጆሮ ብቻ የማይሰሙትን 10ሩን። እንዲህ ያለ ፌሬት ስሙ ሲጠራ ይመጣል፣ ሲያጨበጭቡለት ይዞራል። ባለቤቱም አርቢውም ጤነኛ ነው ብለው ያራቡታል፤ ጉድለቱም ወደ ግልገሎቹ ይሄዳል። በቤት ውስጥ ማጨብጨብ ሌላም ጉድለት አለው፦ ጭራሽ የማይሰማ ፌሬት የወለሉን ንዝረትና የእጅን ነፋስ ተሰምቶት ሊዞር ይችላል። እውነቱን የሚያወጣው ሐኪም የሚያደርገው ምርመራ ነው። እንስሳው እንዲረጋጋ ተደርጎ ከቆዳው ሥር ቀጫጭን መርፌዎች ይገቡለታል፤ በእያንዳንዱ ጆሮ ለየብቻ አጫጭር ድምፆች ይለቀቃሉ፤ አንጎሉ የሚሰጠው የኤሌክትሪክ ምላሽ ይመዘገባል። ግልገሎች ሲወለዱ ዓይናቸውም ጆሯቸውም ዝግ ስለሆነና መስማት የሚጀምሩት በአንድ ወር ገደማ ስለሆነ ምርመራው ከዚያ ቀደም ብሎ ትርጉም የለውም።

ለቀለም ማራባት ሌላም ዕዳ አለው፤ ይህኛው ከነጭ ምልክቱ ውጭ ነው። ብርቅ የሆነ መልክ መጀመሪያ የሚታየው በጥቂት እንስሳት ላይ ነው። ያንን መልክ ቶሎ ለማብዛት አቋራጩ መንገድ ዘመድን ከዘመድ ማዳቀል ነው፤ አባትን ከልጁ፣ ወንድምን ከእህቱ። ፌሬት ደግሞ ለዚህ ይመቻል። እርግዝናው 42 ቀን ገደማ ነው፣ በአንድ ጊዜ የሚወለዱት ግልገሎች ብዙ ጊዜ ስምንት ይደርሳሉ፣ ዓመት ሳይሞላቸውም ለመውለድ ይደርሳሉ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ አንድ መልክ ገበያ ሊሞላ ይችላል። ወንድምና እህት ሲዳቀሉ በአማካይ ከግልገሉ ዘረ መል ሩብ ያህሉ ከእናትም ከአባትም የመጣ ያው አንድ ቅጂ ይሆናል፤ በአንዱ ቅጂ ላይ ተደብቆ የኖረ ጉድለት ሁለት ሲሆን ይገለጣል። አባቶቻችን ጋብቻ ሲያስቡ እስከ ሰባት ቤት ዘር የሚቆጥሩት ያለ ምክንያት አልነበረም። ፌሬት የሚቆጥርለት ሽማግሌ የለውም፤ የሚቆጥርለት አርቢው ብቻ ነው።

ረጅም ፀጉር ያላቸው አንጎራ ፌሬቶች ለዚህ ይጠቀሳሉ። ፀጉራቸው የሚያምር ቢሆንም፣ ከመካከላቸው አፍንጫቸው የተዛባ ወይም የተሰነጠቀ የሚወለዱ አሉ፤ ግልገሎቻቸውን ለማሳደግ የሚበቃ ወተት የሚያጥራቸው እናቶችም ይታያሉ። እዚህም ዓይን የወደደው ነገር ብቻውን አልመጣም።

የዘር መጥበብ ምን እንደሚያስከፍል ለማየት የፌሬትን የዱር ዘመድ መመልከት ይበቃል። በሰሜን አሜሪካ ሜዳዎች የሚኖረው ጥቁር እግር ፌሬት ጠፍቷል ተብሎ ሳለ በ1981 በዋዮሚንግ ክፍለ ግዛት፣ ሚቲትሲ አጠገብ ተገኘ። በሽታ ሲያጠቃው የቀሩት 18 ተይዘው እንዲራቡ ተደረገ፤ ዘራቸው የቀጠለው ግን የሰባቱ ብቻ ነው። ዛሬ ያለው ዘር በሙሉ ማለት ይቻላል የእነዚያ ሰባት ልጅ ነው። የጠበበውን ዘር ለማስፋት ሳይንቲስቶች ከ1988 ጀምሮ በረዶ ቤት የተቀመጠ የአንዲት እንስት ሕዋስ ወስደው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 «ኤልዛቤት አን» የተባለች ቅጂ አስወለዱ። በአንድ በኩል ሰዎች አንድ ተጨማሪ የዘር መስመር ለማግኘት ይህን ያህል ይደክማሉ፤ በሌላ በኩል የቤቱን ፌሬት ዘር ለአንድ ነጭ መስመር ሲሉ በገዛ እጃቸው ያጠቡታል።

መስማት የተሳነው ፌሬት ኑሮው አበቃ ማለት አይደለም። በፍቅር የሚያሳድገው ካገኘ ይጫወታል፣ ይማራል፣ ይዘላል። ግን አያያዙ ይለያል። ተኝቶ ሳለ ከኋላ ድንገት ከነኩት በድንጋጤ ይነክሳል፤ ይህ ክፋት ሳይሆን ፍርሃት ነው። ስለዚህ ቀድሞ ወለሉን መታ ማድረግ፣ እጅን አቅርቦ ማሽተት ማስለመድ፣ መብራት አብርቶ አጥፍቶ መጥራት ያስፈልጋል። ጓደኛው ሲጮህ አይሰማምና ጨዋታው ሻካራ ይሆናል፤ ሌላው «በቃ» ሲለው አያውቅም። ከቤት ካመለጠ መኪናም ውሻም ሲመጣበት አይሰማም። ልጅ ያለበት ቤት ይህን ሁሉ አውቆ ሊወስደው ይገባል።

ስለዚህ ሥራው ሁለት ነው። የተወለደውን በክብር መያዝ፣ የሚወለደውን ደግሞ አስቀድሞ ማሰብ። ነጭ ምልክት ያለው ፌሬት ሁለቱም ጆሮዎቹ ሳይመረመሩ ለዘር መቅረብ የለበትም። መስማት የተሳነው ደግሞ ምንም ቢያምር መራባት የለበትም። የጀርመን የእንስሳት ጥበቃ ሕግ ልጆቹ ለሕመም ወይም ለጉዳት እንደሚወለዱ አስቀድሞ የሚታወቅን ማዳቀል ይከለክላል፤ የሕጉ መንፈስ ከፌሬት አርቢ ደጅ የሚርቅ አይደለም።

ይሁንና ከሕግ ይልቅ ፈጥኖ የሚሠራው የገዢው ጥያቄ ነው። በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ የሚኖር፣ ልጁ ፌሬት ግዛልኝ ያለው አባት ወይም እናት ግንባሩ ቦራ የሆነውን ግልገል ሲያነሱ ስለ ዋጋው ከመጠየቃቸው በፊት «ጆሮው ተመርምሯል?» ይበሉ። «እናትና አባቱስ ዘመዳሞች ናቸው?» ብለው ይጨምሩ። አርቢው የሚያራባው ገዢው የሚጠይቀውን ነው። እስካሁን የጠየቅነው ቀለም ብቻ ስለነበር ቀለም ብቻ ሰጠን፤ ግልገሉም የልጁን ድምፅ ሳይሰማ ያድጋል።