የበሩ ቁልፍ ማን ዘንድ ነው?

የአዲስ አበባ ስታዲየም የሊግ ጨዋታ በሚያስተናግድበት ዘመን ነው። ሜክሲኮ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ከፊቴ የቆመ ወጣት ማልያውን አውልቆ ፌስታል ውስጥ ጠቀጠቀና ጉንጩ ላይ የቀረውን ቀለም በሶፍት ይፈትግ ጀመር። ቡድኑ አሸንፎ ነው። "ምነው?" ብለው፣ "ሜዳ ውስጥማ ከልጆቹ ጋር ነኝ። ከዚህ እስከ ቤት ያለው ነው እንጂ" አለኝ።

ይህ ንግግር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። የስታዲየሙ የተመልካች መቀመጫዎች፣ ካታንጋና ሚስማር ተራ፣ የፍርሃት ስሞች አልነበሩማ። ጥር 1954 ኢትዮጵያ ግብጽን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ረትታ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ፣ መንግሥቱ ወርቁ የማሳረጊያዋን ጎል ያገባው፣ ጃንሆይም ዋንጫውን ለአምበሉ ለሉቻኖ ቫሳሎ የሰጡት እዚሁ ሜዳ ላይ ነው። የዚያን ቀን ጨዋታ የሚያወሩ ሽማግሌዎች ጎሎቹን አንድ በአንድ ይቆጥሩልኛል፤ ስለ ፖሊስ ግን ያነሣልኝ የለም።

ከዚያ 2010 መጣ። ኅዳር ላይ ወልዲያ ከመቐለ ሊጫወቱ በተቀጠሩበት ዕለት ጨዋታው ሳይጀመር ግጭት ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፋ። በዚያው የውድድር ዘመን ዳኛ ሜዳ ላይ ተደብድቦ ሊጉ እስከ መቋረጥ ደረሰ። የክለብ ስም የብሔር ስም ተደርጎ ይሰማ በነበረበት ወቅት፣ ከዘጠና ደቂቃው ይልቅ የአውቶቡሱ መንገድ ያስፈራ ነበር።

በአንድ የክልል ስታዲየም በር ላይ ለዓመታት ትኬት የቆረጠ ሰው አግኝቻለሁ፤ የትኛው እንደሆነ እንዳልጽፍ ለምኖኛል። "ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ድንጋይ ውርወራ ነው" አለኝ። "እኔን እንቅልፍ የሚነሣኝ በሩ ነው። አራት በር አለን፤ የሚከፈተው ሁለቱ ነው። የቀረው ያለ ትኬት ይገቡበታል ተብሎ ተቆልፏል። ቁልፉ አንድ ሰው ኪስ ውስጥ ነው፤ እሱ ሻይ ሊጠጣ ከወጣ፣ አለቀ።"

ስለ በር የሚለው ነገር መጀመሪያ የተጋነነ መስሎኝ ነበር። ግን እ.ኤ.አ. ግንቦት 2001 አክራ ላይ፣ ሃርትስ ኦፍ ኦክ አሳንቴ ኮቶኮን 2 ለ 1 ሲመራ የተናደዱ ደጋፊዎች ወንበር ነቅለው ወረወሩ፤ ፖሊስ አስለቃሽ ጋዝ ተኮሰ፤ ሕዝቡ ወደ መውጫው ሲጎርፍ በሮቹ ተቆልፈው ነበር። 126 ሰው ሞተ። ወንበር ተወርውሮበት ሳይሆን ተረጋግጦና ታፍኖ። የያውንዴው አደጋ ደግሞ ለእኛ ቅርብ ነው። ጥር 2014 ኦሌምቤ ስታዲየም ዋልያዎቹ በካሜሩን 4 ለ 1 ተሸነፉ፤ ሽንፈቱን ስንተች ሰነበትን። በ11ኛው ቀን እዚያው ስታዲየም፣ ካሜሩንና ኮሞሮስ ሲገናኙ፣ በመግቢያው ላይ በተፈጠረ መጨናነቅ 8 ሰዎች ሞቱ። ክፍት መሆን የነበረበት በር ተዘግቶ እንደነበር የካፍ ፕሬዚዳንት ፓትሪስ ሞትሴፔ ራሳቸው ተናገሩ። በዚያ ሰልፍ ላይ ማንም ማንንም አልጠላም፤ ሁሉም የአንድ አገር ደጋፊ ነበር።

ትኬት ቆራጩ ይህን ስነግረው አልደነቀውም። "ፖሊሱ ፊቱን ወደ ሕዝቡ አዙሮ ነው የሚቆመው፤ ጀርባው ወደ በሩ ነው። የሚጠብቀው ሜዳውን ከሕዝቡ ነው። ሕዝቡን ከምን እንደሚጠብቅ የነገረው የለም።"

የእኛ መፍትሔ ሕዝቡን ማራቅ ሆነ፤ ገለልተኛ ሜዳ፣ ዝግ ስታዲየም። በ2013 በኮሮና ሰበብ ሊጉ ከከተማ ከተማ እየዞረ በአንድ ስፍራ መካሄድ ሲጀምር ጸጥታውም አብሮ ቀለለ። እኔ ግን ይህን ሰላም አልለውም። የጅማ ልጅ ቡድኑን ሐዋሳ ሲጫወት በዲኤስቲቪ ያይ ነበር፤ ክለቡ የሜዳ ገቢውን አጥቷል፤ ኦቾሎኒ አዟሪዋ ሌላ ሥራ ፈልጋለች።

አደይ አበባ ስታዲየም ሲያልቅ ከ60 ሺህ ሰው በላይ እንዲይዝ ታስቦ የሚሠራ ነው። አንድ ኃላፊን ያን ያህል ሕዝብ በስንት ደቂቃ እንደሚወጣ፣ ቁልፉስ በማን እጅ እንደሚሆን ጠየቅኋቸው። "ጥያቄውን በደብዳቤ አምጣ" አሉኝ። ወሰድኩላቸው፤ መዝገብ ቤት ማኅተም መትቶ ተቀበለኝ። ከዚያ ወዲህ ስልካቸው ይጠራል፤ አይነሣም።