ስኳር የሚጠብቃት ሕይወት፦ ከሱሉልታ ውርጭ እስከ ክትባት ብልቃጥ

በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች፣ ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ሲረጋ፣ ምድር የቀን ሙቀቷን ወደ ሕዋ ትለቃለች፤ በማግስቱም የሱሉልታ ሜዳ ውርጭ ለብሶ ይታያል። በዚያች ሌሊት አንዱ ተክል ጠቁሮ ሲረግፍ ሌላው ፀሐይ ሲሞቀው እድገቱን ይቀጥላል። በቡራዩ ሱቆች በእሽግ የሚሸጠው ደረቅ እርሾ ደግሞ ለወራት በመደርደሪያ ላይ ቆይቶ፣ ለብ ባለ ውኃ ሲበጠበጥ ተመልሶ ይነሣል። ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ከተጠቃለሉት ከተሞች የተወሰዱት እነዚህ ሁለት ምሳሌዎች የማይገናኙ ይምሰሉ እንጂ ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ ሕዋስ ውኃውን ሲነጠቅ በምን ይድናል? ከመልሶቹ አንዱ ስኳር ነው።

ውርጭም ድርቅ ነው

ውርጭ ተክልን የሚጎዳው በቅዝቃዜው ብቻ አይደለም። በረዶው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚፈጠረው ከሕዋሳቱ ውጭ፣ በመካከላቸው ባለው ክፍተት ነው። ከዚያም ከሕዋሳቱ ውስጥ ውኃ እየሳበ ያድጋል፤ ሕዋሱም ይኮማተራል። ፕሮቲኖች ቅርጻቸውን ጠብቀው የሚቆሙት በዙሪያቸው ባሉ የውኃ ሞለኪውሎች እገዛ በመሆኑ፣ ውኃው ሲሸሽ ቅርጻቸው ይፈታል፤ እርስ በርሳቸውም ይጣበቃሉ። የተቀቀለ እንቁላል ቢቀዘቅዝም ወደ ጥሬነቱ እንደማይመለስ ሁሉ፣ ይህም ጉዳት ብዙውን ጊዜ አይጠገንም።

ብርዱ ቀስ በቀስ ሲመጣ ብዙ ተክሎች እንደ ሱክሮስና ራፊኖስ ያሉ ስኳሮችን ያከማቻሉ። ለመሆኑ ስኳሩ የሚረዳው ውኃው እንዳይረጋ በማድረግ ነውን? በቁጥር እንፈትሸው። በ1 ኪሎ ግራም ውኃ ውስጥ 342 ግራም ሱክሮስ፣ ማለትም አንድ ሞል፣ ብናሟሟ የውኃው መርጊያ ነጥብ ዝቅ የሚለው በ1.86 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ብቻ ነው። ይህን ያህል ስኳር ፈስሶ የተገኘው ጥቅም ትንሽ ነው። እንግዲያው ዋናውን ምስጢር ሌላ ቦታ መፈለግ ይኖርብናል።

ሁለት ዓይነት ጥበቃ

ምስጢሩ ጎልቶ የሚታየው ትሬሃሎስ በተባለው ስኳር ነው። ይህ ስኳር እ.ኤ.አ. በ1832 የአጃ እህልን ከሚያጠቃ ፈንገስ ውስጥ ተገኘ። ሁለት የግሉኮስ ሞለኪውሎች በንቁ ጫፎቻቸው ተያይዘው የሠሩት በመሆኑ፣ እንደ ግሉኮስ ከፕሮቲን ጋር ተዋህዶ አያበላሸውም። ደረቅ እርሾ በውስጡ በብዛት ይዞታል፤ በቢራ መጥመቂያ ጋኖች ያለ እርሾም ሙቀትና አልኮል ሲያስጨንቁት ይሠራዋል። በአፍሪካ ቆላማ አካባቢዎች፣ በዓለት ጉድጓዶች ውስጥ በሚጠራቀም የዝናብ ውኃ የምትኖር አንዲት የትንኝ መሰል ዝንብ እጭ ደግሞ ውኃው ሲደርቅ አብራ ትደርቃለች፤ ትሬሃሎስ እስከ ደረቅ ክብደቷ አንድ አምስተኛ ይደርሳል። ከ17 ዓመት ድርቀት በኋላ ውኃ ሲነካቸው የነቁ እጮች ተመዝግበዋል።

ጥበቃው በሁለት መንገድ ይገለጻል። አንደኛው ምትክነት ነው፤ የስኳሩ ሞለኪውሎች ከፕሮቲኑና ከሕዋሱ ሽፋን ጋር የሃይድሮጅን ትስስር ፈጥረው የሸሸውን ውኃ ቦታ ይይዛሉ። ሁለተኛው ብርጭቆነት ነው፤ ስኳሩ ሲደርቅ ክሪስታል ሳይሠራ እንደ መስኮት መስታወት ሥርዓት የለሽ ጠጣር ይሆናል። በዚህ ጠጣር ውስጥ ሞለኪውሎች ከቦታቸው መንቀሳቀስ እጅግ ስለሚሳናቸው የመበላሸት ሂደቱም አብሮ ይቆማል ለማለት ያስደፍራል። ፍጹም ደረቅ የሱክሮስ ብርጭቆ በ65 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲላላ፣ የትሬሃሎስ ግን እስከ 115 ዲግሪ አካባቢ ይጸናል። ጥቂት እርጥበት ከገባ ግን ይህ ወሰን በእጅጉ ዝቅ ይላል።

ከቤተ ሙከራ ወደ በረት

ይህ እውቀት ለአገራችን ምን ይፈይዳል? ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው ክፉ ቀን የጀመረው የቀንድ ከብት ደስታ በሽታ በሬውንና ላሙን በመፍጀቱ ነበር። በሽታው ከምድር ገጽ መጥፋቱ የታወጀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። የቅርብ ዘመዱ የሆነው የበግና የፍየል ደስታ ግን ዛሬም አለ፤ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማጥፋትም ዓለም አቀፍ እቅድ ተይዟል። ሰበታ የሚገኘው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የመሳሰሉት ተቋማት በሽታን መርምረው ቢለዩም፣ መከላከያው ክትባት ነው፤ በክትባቱ ውስጥ ያለው ሕያው ቫይረስ ደግሞ ሙቀትን አይችልም። በረዶው መንገድ ላይ ከቀለጠ ለአርብቶ አደሩ የሚደርሰው ብልቃጥ እንጂ ክትባት አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2000 በታተመ አንድ ጥናት፣ ደብረ ዘይት ከሚገኘው የአፍሪካ የእንስሳት ክትባት ማዕከል ጋር የተያያዙ ተመራማሪዎች የሁለቱን በሽታዎች የክትባት ቫይረስ ትሬሃሎስ ባለበት ውህድ በ18 ሰዓት ውስጥ አደረቁ። በስኳሩ ብርጭቆ ውስጥ የታሰረው ቫይረስ በ45 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ14 ቀናት ቆይቶ ከኃይሉ ያጣው ጥቂት ብቻ ነበር። ሙቀቱ ከሱሉልታ ይልቅ ወደ አፋር የሚቀርብ መሆኑን ልብ ይሏል።

ይሁንና ጥበቃው ወሰን አለው። ትሬሃሎስ የሕዋስን ሽፋን በቀላሉ አያልፍም፤ ሕዋስን ለማዳን ግን ከሽፋኑ በሁለቱም ወገን መገኘት አለበት። ክትባቱም በውኃ ሲበጠበጥ ብርጭቆው ይሟሟል፤ ስለዚህ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ በቅዝቃዜ ሊያዝና ፈጥኖ ሊሰጥ ይገባዋል።

አንባቢ ይህንን በራሱ ሊፈትን ይችላል። እኩል መጠን ያለው ደረቅ እርሾ በሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ከረጢቶች ይደረግ፤ በአንዱ ላይ ጥቂት ለብ ያለ ውኃ ይጨመር። ሁለቱም በደንብ ታስረው በ60 ዲግሪ ሴልሺየስ ውኃ ውስጥ ለ10 ደቂቃ ይቆዩ። ከዚያም እያንዳንዳቸው ለብ ባለ የስኳር ውኃ ይበጥበጡ። ሙቀቱም ጊዜውም አንድ ነው፤ ልዩነቱ በስኳሩ ብርጭቆ ውስጥ የገባው ውኃ ነው። የትኛው አረፋ እንደሚያወጣ ማየት የአንባቢ ፋንታ ነው።