እምቢታ ያስቀረው አሻራ፦ በአሜሪካ ጠረፍ የሰፈሩ የጥንት ብሬዝረን ቤተሰቦችን የትውልድ ሐረግ ስለ መከታተል

የቤተሰብ ታሪክ የሚያጠና ሰው አስቀድሞ የሚፈልገው የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ነው። በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን ወደ ፔንሲልቬኒያ የገባ አንድ ጀርመናዊ የሉተራን ወይም የሪፎርምድ ምእመን ከነበረ፣ የልጆቹ የጥምቀት ቀን፣ የወላጆቻቸውና የክርስትና አባቶቻቸው ስም በአንድ ገጽ ላይ ተጽፎ ሊገኝ ይችላል። ሰውየው ብሬዝረን ከነበረ ግን እንዲህ ያለ ገጽ ማግኘት አይቻልም። ገጹ የታጣው በቃጠሎ ወይም በዘረፋ ሳይሆን ቀድሞውኑ ስላልተጻፈ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፣ መዝገቡ እንዳይጻፍ ያደረገው እምነት ራሱ በሌሎች መዛግብት ላይ የተለየ አሻራ ማስቀረቱንና ተመራማሪው ፍለጋውን ከዚያ አሻራ ቢጀምር የተሻለ ውጤት እንደሚያገኝ ማሳየት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብሬዝረን እነማን ነበሩ?

ብሬዝረን፣ ማለትም «ወንድማማቾች»፣ በ1708 በጀርመን ሽቫርትሰናው በተባለች መንደር፣ በኤደር ወንዝ ከተጠመቁ ስምንት ሰዎች የተነሣ ማኅበር ነው። መሪያቸው አሌክሳንደር ማክ ነበር። ሦስት ጊዜ በውኃ ውስጥ በመጥለቅ ስለሚያጠምቁ ሌሎች ሰዎች «ደንከር» ወይም «ተንከር» ይሏቸው ነበር። በ1719 በፒተር ቤከር የተመራ ቡድን ወደ ፔንሲልቬኒያ ተሻግሮ በጀርመንታውን ሰፈረ፤ በአሜሪካ የመጀመሪያው ጉባኤም በዚያው በ1723 በልደት ቀን ተመሠረተ። ማክ ራሱ ከተከታዮቹ ጋር በ1729 መጣ። ከዚያ በኋላ ቤተሰቦቹ ለም መሬት እየፈለጉ ወደ ሜሪላንድ፣ ወደ ቨርጂኒያው የሸናንዶዋ ሸለቆ፣ በስተመጨረሻም ወደ ኦሃዮ ዘለቁ።

ያልተጻፈው መዝገብ

ማኅበሩ ሕፃናትን አያጠምቅም፤ የሚጠመቀው አምኖ የጠየቀ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ልደትን ከወላጅ ጋር የሚያያይዝ የጥምቀት መዝገብ አልነበረውም። አገልጋዮቹ ከምእመናኑ መካከል የሚመረጡና ደመወዝ የማይከፈላቸው ገበሬዎችና የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ። አምልኮውም ለረጅም ጊዜ በየቤቱ ይካሄድ ስለነበር፣ በጀርመንታውን እንኳ የጸሎት ቤት የተሠራው በ1770 ነው። ቋሚ ጽሕፈት ቤት በሌለበት ቋሚ መዝገብ አይጠበቅም።

ከዚህም በላይ ብሬዝረን መሐላ አይምሉም፣ የጦር መሣሪያ አያነሡም፣ ወንድም ወንድሙን በፍርድ ቤት እንዳይከስም ያስተምሩ ነበር። የውትድርና ማኅደር፣ የጡረታ ማመልከቻና የክርክር መዝገብ ለሌሎች ቤተሰቦች ታሪክ ዋነኛ ምንጮች ናቸው፤ በእነዚህ ቤተሰቦች ዘንድ ግን እነዚህም የሳሱ ናቸው።

የእምቢታው አሻራ

መንግሥት ግን እምቢ ያለውን ሰው ይመዘግባል። ከ1727 ጀምሮ በፊላደልፊያ ወደብ የሚወርዱ ዕድሜያቸው ከ16 ዓመት በላይ የሆነ የውጭ አገር ወንዶች የታማኝነት ቃል እንዲፈርሙ ይገደዱ ነበር። የ1729ኙ መንገደኞች በእነዚህ ዝርዝሮች ሲገኙ፣ የ1719ኞቹ ግን ከሥርዓቱ መጀመር በፊት ስለመጡ አይገኙም። ሴቶችና ሕፃናት አብዛኛውን ጊዜ በዝርዝሩ አለመካተታቸውም መዘንጋት የለበትም።

ሁለተኛው ምንጭ የዜግነት መዝገብ ነው። የብሪታንያ ፓርላማ በ1740 ያወጣው ሕግ በቅኝ ግዛቶቹ 7 ዓመት ለኖሩ የውጭ አገር ፕሮቴስታንቶች ዜግነትን ፈቀደ። የማለው አመልካች ቅዱስ ቁርባን የተቀበለበት ቀን ሲመዘገብለት፣ በኅሊና ምክንያት የማይምለው ያለመሐላ የማረጋገጫ ቃል በመስጠት ያልፍ ነበር። ስለዚህ አንድ ስም ከየትኛው ወገን እንደተጻፈ ማየት የእምነቱን አቅጣጫ ያመለክታል። በኑዛዜ መዛግብት ላይም ምስክሩ «ማለ» ተብሎ ነው ወይስ «አረጋገጠ» ተብሎ የተጻፈው የሚለው ጥያቄ ተመሳሳይ ጥቅም አለው።

ሦስተኛው ምንጭ የአብዮቱ ዘመን የቅጣት ዝርዝር ነው። በፔንሲልቬኒያና በሜሪላንድ ከሚሊሺያው ጋር ለመሰለፍ ያልፈቀዱ ሰዎች ገንዘብ ይቀጡ ነበር። ፔንሲልቬኒያ በ1777 ለአዲሱ መንግሥት የታማኝነት ቃል እንዲሰጥ ስታውጅ፣ ብዙ ብሬዝረን ቀድሞ ለንጉሡ የሰጡትን ቃል ማፍረስ ከብዷቸው ፈቃደኛ ሳይሆኑ ቀሩ። የጀርመንታውኑ አታሚና የማኅበሩ ሽማግሌ፣ ታናሹ ክሪስቶፍ ዛወር፣ ንብረቱ በ1778 ተወርሶ ተሸጠ። ለተቀጣው ቤተሰብ ኪሳራ የነበረው ዝርዝር ዛሬ የአንድን አውራጃ የብሬዝረን ሰፈር መልሶ ለማቆም ከሚያስችሉ ጥቂት ሰነዶች አንዱ ሆኗል።

በቤት ውስጥ የቀረው ምንጭ መጽሐፍ ቅዱስ ነው። የዛወር ማተሚያ ቤት በ1743፣ በ1763 እና በ1776 ያሳተማቸው የጀርመንኛ መጽሐፍ ቅዱሶች ባዶ ገጾች የቤተሰብ ልደትና ሞት መጻፊያ ይሆኑ ነበር።

ስምና ቀን

ስም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ብዙ ጀርመናውያን ለወንዶች ልጆቻቸው ሁሉ «ዮሐን» የሚል መነሻ ስም ሰጥተው በሁለተኛው ስም ይጠሯቸው ስለነበር፣ ዮሐን ያዕቆብ በግብር መዝገብ «ያዕቆብ» ብቻ ሆኖ ይገኛል። የቤተሰብ ስምም በእንግሊዛውያን ጸሐፊዎች እጅ ይለወጣል፤ ሙለር ሚለር፣ ቤከር ቤከርነቱን ትቶ ቤይከር፣ ሽናይደር ስናይደር፣ አንዳንዴ ደግሞ በትርጉሙ ቴይለር ሊሆን ይችላል። የቀን ጉዳይም ጥንቃቄ ይሻል። የጀርመን ፕሮቴስታንት ግዛቶች በ1700 አዲሱን የጎርጎርዮስ አቆጣጠር ሲቀበሉ፣ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች እስከ 1752 በጁልያን አቆጣጠር ቆይተዋል፤ ዓመቱም በይፋ የሚለወጠው ማርች 25 ቀን ነበር። በመሆኑም አንድ ሰው ባሕሩን ሲሻገር ቀኑ በ11 ቀን ወደ ኋላ ይመለሳል። በሁለት አቆጣጠር መካከል መኖር ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ ባይሆንም፣ በማስረጃ ንባብ ላይ ግን የአንድ ዓመት ስሕተት ሊያስከትል ይችላል።

ወደ ምዕራብ

ጠረፉ ወደ ምዕራብ በገፋ መጠን ፍለጋው ከግለሰብ ወደ ጎረቤት ይሸጋገራል። ብሬዝረን በአብዛኛው የሚጓዙት በጋብቻና በእምነት ከተሳሰሩ ቤተሰቦች ጋር ነበር። አንድ ዮሐንስ ሚለር በሜሪላንድ ከግብር መዝገብ ጠፍቶ በኦሃዮ ሌላ ዮሐንስ ሚለር ቢታይ፣ ስሙ ብቻ አንድነታቸውን አያረጋግጥም። በሁለቱም ቦታዎች ያሉት ጎረቤቶች፣ የውል ምስክሮችና የኑዛዜ አስፈጻሚዎች አንድ ዓይነት ስሞች ከሆኑ ግን ግምቱ ይጠነክራል። በፔንሲልቬኒያ የግብር መዝገብ 21 ዓመት የሞላው ያላገባ ወንድ ለብቻው ስለሚጻፍ፣ ልጅ ለአካለ መጠን የደረሰበትን ዓመት መገመት ይቻላል። አባት ያለኑዛዜ ሲሞትም፣ በልዩ ልዩ ቦታ የተበተኑ ወራሾች መሬቱን ለመሸጥ የሚፈርሙት ውል ልጆችንና የልጆችን ባሎች ከነመኖሪያቸው ይዘረዝራል።

የፌዴራሉ ሕዝብ ቆጠራ ከ1790 ቢጀምርም እስከ 1840 በስም የሚጽፈው የቤቱን ኃላፊ ብቻ ነው። በኦሃዮ ደግሞ በአብዛኛው የተረፈው ከ1820 ወዲህ ያለው ነው። የ1850ው ቆጠራ እያንዳንዱን ነጻ ሰው ከነትውልድ ቦታው መዘገበ። በቀጣዩ ዓመት ሄንሪ ኩርትስ በኦሃዮ «ጎስፕል ቪዚተር» የተባለውን የማኅበሩን ወርኃዊ መጽሔት ማሳተም ጀመረ፤ በእርሱና በተከታዮቹ መጽሔቶች የሚወጡት የሞት ማስታወቂያዎች ማኅበሩ ራሱ ስለ አባላቱ ያስቀረው ሰፊ የጽሑፍ ምንጭ ናቸው።

ሁለት ማሳሰቢያዎች

አንደኛ፣ ከላይ የተጠቀሱት ምልክቶች ብቻቸውን ብሬዝረንነትን አያረጋግጡም። ኩዌከሮችና ሜኖናውያንም አይምሉም፣ አይዋጉም። ማስረጃው የሚጸናው ምልክቱ ከጎረቤት፣ ከጋብቻና ከመቃብር ስፍራ ጋር ሲገናኝ ነው።

ሁለተኛው የሚመለከተው የታሪኩን ፍትሐዊነት ነው። የኦሃዮው የማያሚ ሸለቆ ለስፋት የተከፈተው የአገሬው ነባር ሕዝቦች ኅብረት በ1794 በፎለን ቲምበርስ ጦርነት ከተሸነፈና በ1795 የግሪንቪል ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ነው። ጦርነትን እምቢ ያሉት ቤተሰቦች በጦርነት የተገኘ መሬት ገዙ። የመሬት ሰነዱ የመጀመሪያ ገዢ ብሎ የሚጽፈው ሰፋሪውን ነው፤ ከእርሱ በፊት በዚያ የኖሩት ሸዋኒዎች፣ ማያሚዎችና ዴላዌሮች በሰነዱ ላይ የሉም። የመዝገብን ዝምታ ማንበብ የተማረ ተመራማሪ ይህንንም ዝምታ ሊያነብ ይገባዋል። የሰፋሪው የትውልድ ሐረግ ሙሉ የሚሆነው፣ ቤተሰቡ ምን እምቢ እንዳለ ብቻ ሳይሆን ምን እንደተቀበለም አብሮ ሲጻፍ ነው።